ጤነኛውን የተሸከመ ቃሬዛ

ጤነኛ ሰው ቃሬዛ ላይ ተኝቶ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲጓዝ ምን እንደሚያስብ የጻፈ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። የታመመው ሲድን ይረሳዋል፤ የሞተው አይጽፍም። እኔ ግን ሳልታመም ተጉዣለሁ፤ ሁሉንም አስታውሳለሁ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሬ በቅደም ተከተል ላስረዳ። ማስረዳት እወዳለሁ። ተማሪዎቼ ይህን ያውቃሉ፤ የእረፍት ደወል ሲደወል መጨረሻ ላይ የሚወጡት ሁልጊዜ የእኔ ክፍል ልጆች ናቸው።

የማስተምረው ከቡሬ ብዙ ገባ ብሎ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ነው። ተወልጄ ያደግሁት ፍኖተ ሰላም ስለሆነ፣ ወደዚህ እስክመደብ ድረስ በሽተኛ ሐኪም ቤት የሚደርሰው በባጃጅ ይመስለኝ ነበር። እዚህ ስመጣ ግን በእኛና በጤና ጣቢያው መካከል አንድ ወንዝ አለ። ከሰኔ እስከ ጥቅምት መኪና አያሻግርም። አምቡላንስ ቢጠራ ከወዲያ ማዶ ቆሞ ጡሩንባውን ከማሰማት የበለጠ ነገር ማድረግ አይችልም። ስለዚህ በሽተኛ የሚሄደው በቃሬዛ ነው፤ ሁለት ረጃጅም አጣና፣ በመካከላቸው በጠፍር የተጠለፈ አልጋ። በየጎጡ የቃሬዛ ማኅበር አለ፤ እንደ እድር ነው፤ ልዩነቱ እድር ከሞትክ በኋላ መምጣቱ ነው።

ቃሬዛ ሁለት ሕግ አለው። መንገድ ላይ ቃሬዛ ያገኘ ሰው ሁሉ የያዘውን አስቀምጦ ትከሻውን ያስገባል፤ የተኛው ሰው ድንበር የገፋበት ባላጋራው ቢሆንም እንኳ። ሁለተኛው፣ አንዴ የተነሣ ቃሬዛ ከሚደርስበት ሳይደርስ መሬት አይነካም። ከነካ ሌላ በሽተኛ ይጠራል ይላሉ። ይህን ሁለተኛውን ሕግ የሰማሁት ከተነሣሁ በኋላ ነው።

የምኖረው በአያ ደሳለኝና በባለቤታቸው በእትዬ ጥሩወርቅ ግቢ ውስጥ፣ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። እኔ ከመምጣቴ በፊት ባለው ዓመት እትዬ ጥሩወርቅ ምጥ ይዟቸው ነበር። የቃሬዛው አንዱ አጣና ሲፈለግ የአንድ ሰው የድርቆሽ ክምር ደግፎ ቆሞ ተገኘ። ተሸካሚዎቹ አዝመራ ላይ ነበሩ። ሰው እስኪሰበሰብ፣ በየት በኩል እንሂድ እስኪባል፣ ወንዙ ዳር ሲደርሱ ሕፃኑ ተወለደ፤ አልቅሶ ግን አልተሰማም።

ዘንድሮ እትዬ ጥሩወርቅ እንደገና ነፍሰ ጡር ናቸው። የጤና ኬላችን ባለሙያ ትዕግስት በሳምንት ሁለት ጊዜ እየመጣች ትለምናቸዋለች። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ የእናቶች ማቆያ አለ፤ ወራቸው የገባ እናቶች ምጥ ሳይጀምራቸው ሄደው የሚቆዩበት ቤት ነው።

«እትዬ፣ አልጋ አለ፣ ገንፎ አለ፣ አዋላጇ ግድግዳ ለግድግዳ ናት» ትላለች ትዕግስት።

«ደህና ሰው አልጋ ይዞ ምን ይሠራል? ላሚቱንስ ማን ያልባታል?»

«እኔ አልባታለሁ» አልኩ አንድ ቀን ከደጃፍ ሆኜ።

እትዬ ጥሩወርቅም ላሚቱም እኩል ዞረው አዩኝ። ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

እንግዲህ እርሳቸው ወደ ማቆያው ካልሄዱ፣ ቢያንስ ቃሬዛው ይፍጠን ብዬ አሰብኩ። ደብተር አወጣሁ። መንገዱን በአራት ከፋፈልኩ፤ ተሸካሚዎቹን በስም መደብኩ፤ የመለዋወጫ ቦታዎቹን በቀይ እስክርቢቶ አከበብኩ። ከዚያ ወደ ማኅበሩ አለቃ ወደ አያ ውበቱ ሄድኩ። አያ ውበቱ ሲስቁ ጢማቸው ብቻ የሚንቀሳቀስ ሽማግሌ ናቸው።

«አንተ መምህር፣ አባቶቻችን ያለ ካርታ ተሸክመዋል» አሉኝ።

«የት አደረሱ?» አልኩና ወዲያው ምላሴን ነከስኩ።

አያ ውበቱ ደብተሩን ተቀብለው ገልብጠው ያዙት፤ እኔም አላቃናሁትም። «ወንዙ ድረስ» አሉ በመጨረሻ። «እሽ፤ እንለማመድ።»

ልምምዱ በሽተኛ አስፈለገው። አንዱ ተሸካሚ ጤፍ በጆንያ እንጫን አለ። ጤፍ አያቃስትም፣ አይወራጭም፣ ስለዚህ እውነተኛ ልምምድ አይሆንም ብዬ አስረዳሁ። «እሱስ ልክ ነው፤ ጤፍ አያወራም» አሉ አያ ውበቱ፣ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፣ እኔም ተመረጥኩ። ለእትዬ ጥሩወርቅ ምንም እንዳይነገራቸው ተስማማን፤ ሳይታመሙ ቃሬዛ ቢዘጋጅላቸው ሟርት ይመስላቸዋል። ከዚያ ደንቦቹን አነበብኩ። አራተኛው ደንብ የእኔ ብቻ ፈጠራ ነበር፤ በልምምዱ ጊዜ ማንም ሰው ልምምድ መሆኑን ለማንም መናገር የለበትም። አለበለዚያ ሰዎች ከልባቸው አይሮጡም። ይህን ደንብ ባነበብኩ ጊዜ በራሴ ብልህነት ትንሽ ኮርቼ ነበር።

ቀኑን ቅዳሜ አደረግሁት፤ ክፍል የለም። ወንዙ ድረስ ደርሰን እንመለሳለን። ቅዳሜ የገበያ ቀን መሆኑን፣ ጎጡ ሁሉ በዚያው መንገድ እንደሚሄድ፣ ደብተሬ ላይ የትም አልጻፍኩም።

ከትምህርት ቤቱ በር ተነሣን። በጋቢ ጠቅልለው፣ እንዳልወድቅ በገመድ ወገቤ ላይ አሰሩኝ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ግሩም ነበሩ። ጋቢው ውስጥ ሆኜ በስልኬ ሰዓት እይዛለሁ፤ ልውውጡ እንደ ጸሎት ዜማ ሳይቋረጥ ይሄዳል። ከዚያ የገበያተኛውን መንገድ ተቀላቀልን።

መጀመሪያ የሰማሁት ከፍ ያለ የኮቴ ድምፅ ነው፤ ቀጥሎ አዲስ ትከሻ ከበታቼ ገባ።

«ማን ነው?»

«መምህሩ።»

«የትኛው መምህር?»

«የሚያስረዳው።»

«አዬ። ምን አገኘው?»

ዝም አሉ። አራተኛውን ደንብ አክብረው ነው። የተሸካሚ ዝምታ ግን ለገበያተኛ መልስ ነው፤ ያውም ክፉ መልስ። ጥቂት ቆይቶ ሌላ ሰው ገባ፤ ከዚያ ሌላ። አንዱ ሊሸጣት የያዛትን ዶሮ ከአጣናው ጋር አስሮ ትከሻውን ሰጠ፤ ዶሮዋ ቁልቁል ተንጠልጥላ ፊቴ አጠገብ ትወዛወዛለች፤ ዐይን ለዐይን እንተያያለን። ከሁለታችን የበለጠ የተረጋጋችው እሷ ነበረች።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መታጠፊያ ስንደርስ የሚከተለን ሰው ከሠርግ አጀብ በለጠ። ነገሩ ከእጄ መውጣቱ ገባኝና ጋቢውን ከፊቴ ገለጥኩ።

«ጎበዝ፣ አውርዱኝ፤ ጤነኛ ነኝ» አልኩ።

«እሱ መልካም ምልክት አይደለም» አለ የዶሮዋ ባለቤት። «የእኔም አጎት እንዲሁ ነበር ያለው።»

«ይህ ልምምድ ነው። ልምምድ ማለት አንድ ድርጊት በእውን ከመፈጸሙ በፊት...»

«ማስተማር ጀመረ። ወባው ራሱ ላይ ወጥቷል፤ ፍጠኑ።»

አንድ ቄስ ከገበያተኛው መካከል ቀርበው መስቀል አሳለሙኝ። «ልጄ» አሉኝ ረጋ ብለው፣ «ስለ ጤናህ አንተ አትመስክር። ባለጉዳይ ምስክር አይሆንም፤ ሌላ ሰው ይናገርልህ።»

ይህ ትክክለኛ ሐሳብ ስለሆነ ወዲያው ወደ አያ ውበቱ ዞርኩ። እርሳቸው ፊት ለፊታቸውን እያዩ፣ ጢማቸው እየተንቀጠቀጠ፣ «አራተኛው ደንብ» ብለው አንሾካሾኩ። አውርዱኝ ብል ደግሞ የተነሣ ቃሬዛ መሬት አይነካም የሚለውን ሕግ ያኔ ነገሩኝ። የማስረዳት ኃይል አንድን ሰው ምን ያህል ሊያድነው እንደሚችል የተማርኩት እዚያ መታጠፊያ ላይ ነው፤ ምንም።

ለመጨረሻ ጊዜ ልሞክር አፌን ስከፍት፣ በራስጌዬ በኩል የተሸከሙት አያ ደሳለኝ ጎንበስ አሉ።

«መምህር፣ በማርያም ዝም ይበሉ።»

«ለምን?»

«ከኋላ ጥሩወርቅ አለች።»

«ታዲያ ይንገሯቸው እንጂ፤ በዚህ ፀሐይ፣ በዚያ ሆድ፣ ይመለሱ።»

«አይ» አሉ። «መምህር፣ ወር ሙሉ ለመንኋት፤ እግሯ ላይ ወደቅሁ። እምቢ ያለችውን መንገድ አሁን በገዛ እግሯ እየሄደችው ነው። እባክዎ ይታመሙልኝ።»

ዘወር ብዬ አየሁ። እትዬ ጥሩወርቅ ጥላቸውን ይዘው፣ በሌላ እጃቸው ወገባቸውን ደግፈው፣ ከሰው ሁሉ ኋላ እያለከለኩ ይመጣሉ። ላሚቱን ትተው፣ ቤቱን ትተው። ለራሳቸው ያልወጡትን ሴት፣ ጎረቤት በቃሬዛ ወጣ ሲባል ማን ያስቀራቸዋል?

ጋቢውን መልሼ ተከናነብኩና ታመምኩ።

በዚህ ዓለም ላይ ለእኔ ዓይነት ሰው ዝም ከማለት የከበደ ሥራ የለም። ግን ሌላም ሥራ ነበረብኝ። ተሸካሚዎቹ በፍጥነት ከሄዱ እትዬ ጥሩወርቅ ይጎዳሉ። «ቀስ በሉ፤ ያመኛል» አልኩ በደካማ ድምፅ። ቀስ አሉ። «አሁንም ቀስ በሉ።» ለፍጥነት ሦስት ሌሊት ያቀድኩትን ቃሬዛ በቀንድ አውጣ እርምጃ አስኬድኩት። እንዲያውም በየጥላው ቆም እንዲሉልኝ አደረግሁ፤ እነሱም ቃሬዛውን በትከሻቸው እንደያዙ ያለ ቅሬታ ቆሙልኝ፤ ላባቸው ጋቢዬ ላይ ሲንጠባጠብ ይሰማኝ ነበር። አብዛኞቹን ስማቸውን እንኳ አላውቅም።

በአንደኛው የዛፍ ጥላ ሥር እትዬ ጥሩወርቅ ደረሱብን። ጥላቸውን ዘርግተው ከፀሐዩ ከለሉኝና ከቃሬዛው ጎን መራመድ ጀመሩ።

«ምን ነካዎት መምህር? ትናንት ሽሮውን ሙልጭ አድርገው በልተው አልነበር?»

«እንጃ» አልኩ። በሕይወቴ የሰጠሁት አጭሩ መልስ ነው።

«አይዞዎት። ሲያስረዱ ያልሰማሁዎት ዛሬ ብቻ ነው፤ ከፍቶብዎታል ማለት ነው።»

ወንዙ ዳር ስንደርስ እርምጃቸው ቆመ። የጥላው ጥላ ከፊቴ ሸሸ፤ ፀሐዩ መታኝ። ተሸካሚዎቹም ቆሙ። ያን ያህል ሰው ተከትሎን አንድም ድምፅ አልነበረም፤ ውኃው ብቻ ይሰማል። ጋቢው ውስጥ ሆኜ ነገሩ ገባኝ። የላሚቱ ነገር፣ የደህና ሰው አልጋ ነገር፣ ያ ሁሉ ሰበብ ነበር። እትዬ ጥሩወርቅ የፈሩት ማቆያውን አልነበረም፤ በዚህች ቦታ ማለፍን ነበር። ላቃስት አሰብኩ፤ ትወና እንዳቀደ ሰው። አልቻልኩም፤ አፈርኩ።

ለረጅም ጊዜ ቆዩ። ከዚያ እጃቸው ቃሬዛው ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ።

«እርስዎ እንኳ ይድረሱ» አሉኝ ቀስ ብለው። ከዚያ ለተሸካሚዎቹ፣ «ተሻገሩ፤ ምን ቆማችሁ ታያላችሁ?»

ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ አንድ እጃቸውን ከቃሬዛው ሳያነሡ ተሻገሩ። አያ ደሳለኝ ከራስጌዬ ሆነው ያለቅሱ ነበር፤ ላብ ነው እንዳልል ላብ አያስናፍጥም።

ጤና ጣቢያው ስንደርስ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ሆነ። እኔን ወደ ምርመራ ክፍል አስገቡኝ፤ መስኮቱ በሰው ጭንቅላት ተሞላ። እትዬ ጥሩወርቅን ደግሞ ከገበያተኛው ጋር ስትከተለን የመጣችው ትዕግስት በሩ ላይ ክንዳቸውን ያዘቻቸው። ትዕግስት ነገሩን መንገድ ላይ ሳታውቀው አልቀረችም፤ ሦስት ጊዜ ወደ ቃሬዛው አጮልቃ አይታኝ ሦስት ጊዜ ዘወር ብላ ስትስቅ አይቻታለሁ።

«እትዬ፣ መምህሩ ታይተው እስኪወጡ ከዚህ አረፍ ይበሉ። እግረ መንገድዎን ክንድዎን ይስጡኝ።»

የእኔ ሐኪም ሙቀቴን ለካ፣ ግፊቴን ለካ፣ ምላሴን አየ፣ ሆዴን ተጫነ።

«ምንህን ነው የሚያምህ?»

«ምንም።»

«ታዲያ በምን መጣህ?»

«በቃሬዛ።»

እስክርቢቶውን አስቀመጠ። እኔም ከመስኮቱ ሰው ፊት ሁሉንም ነገርኩት፤ ደብተሩን፣ ደንቦቹን፣ ወንዙን። ገበያውን ያስፈታሁት ሰው ሁሉ እየሰማኝ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ የተሸከሙኝ ሰዎች ሽንኩርታቸው መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ገበያውም እየተበተነ ነው። ቢወግሩኝም አልፈርድባቸውም ነበር።

የዶሮዋ ባለቤት ራሱን በመስኮቱ አስገባ። «ምንም አልሆነም ነው የምትለው?»

«ምንም አልሆንኩም። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

«እሰይ። ተመስገን» አለና ወደ ኋላው ዞሮ ለሰው ሁሉ አሰማ። «ደህና ነው አሉ።»

«እንኳን ማረህ» አሉኝ በየተራ፤ በመስኮቱ እጃቸውን እየሰደዱ ትከሻዬን ነኩኝ። ያልታመምኩት ሰው እንዲህ ስድን የተደሰተልኝ ሰው ብዛት፣ አንድ ቀን ከልቤ ብታመም ብቻዬን እንደማልሆን አረጋገጠልኝ። የዚያን ቀን ስማቸውን ሳልጠይቅ የተለያየሁት ተሸካሚዎች ይህን ካነበባችሁ፣ ስማችሁን ባላውቅም ትከሻችሁን አውቀዋለሁ።

ወጥቼ በወዲያኛው ክፍል በር ወደ ውስጥ አየሁ። አዋላጇ የእትዬ ጥሩወርቅን ግፊት ለክታ፣ እንደገና በሌላኛው ክንዳቸው ለክታ፣ ያበጠ እግራቸውን በጣቷ ጫን አድርጋ አየች። የጣቷ ጉድጓድ ቶሎ አልሞላም።

«ራስዎን ያምዎታል?»

«ከረቡዕ ጀምሮ ትንሽ...»

«ለማን ተናገሩ?»

«ለማን እናገራለሁ? ደህና ነኝ እኮ።»

አዋላጇ መሣሪያውን አጠፈች። «ግፊትዎ ከፍ ብሏል፤ ዛሬ ወደ ቤት አይመለሱም እናቴ። ዛሬ ባይመጡ ኖሮ...» አለችና የቀረውን ሳትናገር ተወችው። አያ ደሳለኝ ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ።

እኔም ገብቼ ለእትዬ ጥሩወርቅ እውነቱን ተናገርኩ። በዚያን ቀን ካስረዳሁት ሁሉ ያጠረው ይህ ነው፤ «እትዬ፣ አልታመምኩም ነበር። ዋሽቼዎታለሁ» አልኩ።

«እርስዎ ታምሜአለሁ ብለው ዋሹ» አሉ። «እኔ ደግሞ ደህና ነኝ ብዬ ዋሸሁ። የእርስዎ ይሻላል።» ከዚያ ወደ አልጋው ዞረው ፍራሹን ጫን ጫን አድርገው ሞከሩት። «ያች ላም ግን ለእርስዎ ወተት አትሰጥም።»

እውነታቸውን ነው፤ አልሰጠችኝም። አያ ደሳለኝ ናቸው ያለቧት።

በአምስተኛው ቀን ግፊታቸው ባሰ። ከጤና ጣቢያው ወዲያ ያለው መንገድ መኪና ያስሄዳል፤ አምቡላንሱ አጠገባቸው ነበርና ወዲያው ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ይዟቸው ሄደ። ስልክ ደውዬ ለእናቴ ነገርኳት፤ እናቴም የማታውቃትን ሴት ልትጠይቅ ገንፎ ይዛ ከዋናው መንገድ በጋሪ ሄደች። ማታውን መልሳ ደወለችልኝ። ሰላምታ አልሰጠችኝም፤ ስልኩን ወደ አንድ ነገር አስጠጋችው። የሰማሁት ልቅሶ ነበር፤ ቀጭን፣ የተቆጣ፣ የማያቋርጥ የሕፃን ልቅሶ። ሴት ልጅ ናት። ስልኩን ለአያ ደሳለኝ ሰጠኋቸው። ቆመው፣ ቆባቸውን አውልቀው፣ የእናቴ ካርድ እስኪያልቅ ድረስ ሰሙ።

ወጉ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት ከክፍል ስወጣ አንድ የማላውቀው ገበሬ ከሰንደቁ አጠገብ ቆሞ ጠበቀኝ። ከማዶው ጎጥ ነው የመጣው።

«መምህር፣ ባለቤቴ ወሯ ገብቷል» አለኝ። «ወደ ማቆያው ሂጂ ስላት እምቢ አለች። ለሚመጣው ሳምንት ይታመሙልኝ ይሆን?»

ቁጭ አድርጌ አስረዳሁት። ማታለል ዘዴ እንዳልሆነ፣ ትዕግስትን ይዤ ሄጄ በግልጽ እንደምናነጋግራት፣ ደግሞም የእኔን ታሪክ አገር ሁሉ ስለሰማው ማንም እንደማያምነኝ ነገርኩት። እስክጨርስ ድረስ በትዕግሥት ሰማኝ።

«ገብቶኛል» አለ። «እሷም ታውቃለች። ውሸት መሆኑን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም።»

«ታዲያ?»

«ለራሴ ብዬ ቤቴን ጥዬ አልሄድም ነው የምትል። መምህሩ በቃሬዛ እየሄዱ ግን እንዴት ቤቴ እቀመጣለሁ ብላኛለች። እንዲያውም ልብሷን ቋጥራ ጨርሳለች።»

ደብተሬን አወጣሁ።

«ከሰኞ እስከ ዓርብ ክፍል አለብኝ» አልኩት። «ቅዳሜ ጠዋት እታመማለሁ።»